ባሕር የሌለው ወደብ፦ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ

አንኮበር ሄዶ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ያየው የአገሩን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከታች አለ፤ ገደሉን ተከትሎ ወደ ቆላ ሲወረድ፣ አልዩ አምባ ላይ። ሸዋ ባሕር ባይኖራትም ወደብ ነበራት፤ ወደቧም ይህች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በዛሬዋ ጅቡቲ ካለው ከታጁራ ወደብ የተነሳ ነጋዴ በአሳል ሐይቅ በኩል አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ከዳገቱ ሥር ያለችው ፋሬ ሲደርስ የግመሉ ነገር እዚያ ያበቃል። ከፋሬ በላይ ያለው ዳገት የአህያ፣ የበቅሎና የሰው ትከሻ ነው። ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ ሳይደበቅ መነገር ያለበት፣ ባሪያ ወደ ታች ይወርዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በዚሁ መንገድ ነው የወጣው።

ስለዚህ ጉዞው ሁለት ቀን ይፈልጋል። በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንኮበር የሚደርሱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከጉም በስተቀር የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፣ ከፍታው ላይ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል። ጠዋት ከስር እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታይ የነበረው አገር ከቀትር በኋላ ነጭ ግድግዳ ይሆናል።

መፍትሔው ደብረ ብርሃን ማደር ነው። ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የተገኘ ሰው ረፋዱን አንኮበር ላይ ያሳልፋል። ነዳጅም ጥሬ ገንዘብም ከደብረ ብርሃን ይያዝ። ጋቢ የግድ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ከየካቲት ጀምሮ በልግ ሊዘንብ ይችላል፤ ክረምቱማ ጭቃና ጉም ነው። የመንገዱን ደኅንነት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ፤ ይህን አትዝለሉት።

ከደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ የገብስና የባቄላ ማሳ እያቋረጠ አምባው ጫፍ ላይ ያወጣል። እዚህ መኪና አቁማችሁ ውረዱ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን ዘንጠፍ ዘንጠፍ እያደረጉ፣ ጭብጥ ሲሞላ ወደ አፍ ይልካሉ፤ ሲጨርሱ ሳይነሱ በመቀመጫቸው ተንሸራተው ወደሚቀጥለው ሣር ይጠጋሉ። ዳቦ አትወርውሩላቸው። ምግብ ከሰው የለመደ መንጋ ነገ የገበሬው ገብስ ላይ ይሰፍራል፤ ጣጣው ለገበሬውም ለእነሱም ነው። እዚያው ገደል አፍ ላይ ግራጫ ቡናማ፣ ደረቱ ዝንጉርጉር የሆነች ትንሽ ወፍ ካያችሁ የአንኮበር ሰሪን ልትሆን ትችላለች፤ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የላትም፤ ለሳይንስ የታወቀችውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

የዛሬዋ ከተማ ጎረቤላ ናት፤ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከበላይዋ ነው። ዳገቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ግን ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። የጥንቱ ቤተ መንግሥት የለም፤ የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ አሁን አናቱ ላይ ያለው በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ ነው። ከፍርስራሹ ይልቅ ጀርባችሁን ለሎጁ ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። እዚህ የተቀመጠ ንጉሥ ከባሕር የመጣው ሸቀጥ ሁሉ ከእግሩ ሥር ያልፋል። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ አንኮበር መናገሻቸው ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ወደ እንጦጦ ሲዛወሩ ነው ከተማዋ ዝም ያለችው። ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ እዚያ አልነበሩም፤ ሽያጩን ለመጨረስ እስከ እንጦጦ መሄድ ነበረበት።

ወደ አልዩ አምባ በእግር ወርዶ በመኪና መመለስ ይመረጣል። ቁልቁለት ቀላል ይመስላል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ግን እሱ ነው። ዱላ ያዙ። አዲስ ጫማ አታድርጉ፤ ሲወረድ ጣት ወደ ፊት እየተገፋ ጥፍር ይጎዳል። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ይያዝ፤ ጎረቤላ ላይ በጋቢ የጀመረ ሰው ታች በሸሚዝ ያልበዋልና። መንገድ የሚያሳይ የሰፈር ልጅ ከጎረቤላ ይዛችሁ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። በመኪና የምትወርዱ ደግሞ ፍሬን እየረገጣችሁ አትውረዱ፤ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። ወደ ዳገቱ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ።

አልዩ አምባ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ገብሱ በማሽላ ይተካል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል በአዛን ይተካል። አካባቢው የአርጎባ አገር ነው፤ አርጎባ በንግድና በሽመና የታወቀ ሕዝብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአልዩ አምባ ገበያ አርብ አርብ ይቆም ነበር፤ የዛሬውን የገበያ ቀን ጎረቤላ ላይ ጠይቁና ጉዞውን በዚያ ቀን አድርጉት። ያለ ገበያ የሄደ ሰው የሚያገኘው ጸጥ ያለ መንደር ነው። በገበያ ቀን ግን የደጋው ገበሬ እህሉን አውርዶ፣ የቆላው ሰው እንስሳውን ነድቶ ሲገናኙ የድሮው ሥራ እንዳልቆመ ይታያል። ሸማ የምትገዙ ከሆነ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ብርሃን ዘርጉት፤ ክሩ እኩል የተመታ ጨርቅ ብርሃኑን እኩል ያሳልፋል፤ እዚህና እዚያ የሳሳ ከሆነ ቶሎ ይላላል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ።

ጊዜ ያለው ሰው ሁለት ቦታ ይጨምር። አንዱ ከአንኮበር በታች ያለው ሌት ማረፊያ ነው፤ ምኒልክ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ሠፈር። ተመራማሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሌላው የወፍ ዋሻ ደን ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ የሞላው የተፈጥሮ ደን። የመናገሻ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከዚህ በተወሰደ ዘር ተተከለ ይባላል። ደኑ ግን ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ከአልዩ አምባ ጋር በአንድ ቀን አትደርቡት።

ወደ ላይ የሚመለስ መኪና በገበያ ቀን ገበያው ሲበተን ይሞላል። እንደደረሳችሁ ሹፌር አነጋግሩ፤ ቦታም አስይዙ። ታች የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ፤ ቆላው ወባ አለበት።