ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት መቼ ይሠራል?

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው አልማዝ ባለጭራ እንግዳ በሽታ አይደለም። ሰሞኑን አንድ አባት ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፤ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ከጀርባቸው ተነሥቶ በአንድ ጎናቸው እስከ እምብርታቸው ደርሷል፤ ከፊሉም ቅርፊት ይዟል። «ሳምንት አለፈው እኮ ልጄ፣ በቅባት እያባበልኩት ነበር» አሉኝ። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት፣ አሲክሎቪር፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ያ ጊዜ ስላለፈባቸው ሐኪም እንዲያያቸው ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው።

ቫይረስ ራሱን ችሎ አይራባም፤ የሚባዛው ሴላችን ውስጥ ገብቶ በሴሉ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሴሉን ሳይጎዱ ቫይረሱን መምታት አስቸጋሪ ነው። አሲክሎቪር ወደ ሥራ የሚገባው ቫይረሱ ራሱ በሚያመርተው ኢንዛይም ስለሆነ ጤነኛውን ሴል እምብዛም አይነካም። ሆኖም እንዲህ ያለ መድኃኒት መባዛቱን ይገታል እንጂ የደረሰውን ጉዳት አይጠግንም።

አዲስ ወረርሽኝ ሲነሣ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ስለማይኖር፣ መጀመሪያ የሚሞከረው መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። ሬምዴሲቪር የተባለው ፀረ-ቫይረስ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ለኢቦላ ሲሞከር በሁለት የአንቲቦዲ መድኃኒቶች ተበልጦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ለኮቪድ ተፈቀደ። በዓለም ጤና ድርጅት የተመራው ጥናት ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን ሞትን በመቀነስ ረገድ ያገኘለት ጥቅም እምብዛም ነው። ለከባድ ሕመም ተጋላጭ ሆነው ገና ሆስፒታል ላልገቡ ሰዎች ቶሎ ተጀምሮ ለ3 ቀን ሲሰጥ ግን ሆስፒታል የመግባት አደጋን በ87 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒቱም ቫይረሱም ያው ናቸው፤ የተለየው ቀኑ ነው። ኦክስጅን እስከመፈለግ የደረሰውን በሽተኛ በአብዛኛው የሚጎዳው የራሱ ሰውነት መከላከያ ከልክ ያለፈ ቁጣ በመሆኑ፣ በዚያ ደረጃ ሕይወት ያተረፈው ይህን ቁጣ የሚያበርደው ርካሹ ዴክሳሜታዞን ነበር። እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮቪድ ሕክምና ማዕከል በነበረበት ወቅት ግን ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አዲሱ መድኃኒት ብቻ ነበር፤ ውድ ነገር ሁልጊዜ ይማርካል።

ቴኮቪሪማት የተባለው ፀረ-ቫይረስ ደግሞ ለፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቅዶ ሳለ፣ በኮንጎ በኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ሕሙማን ላይ ሲጠና ቁስሉን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን ቀድሞ አላደረቀም። በጥናቱ የሞቱት ግን 1.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህም በአገሪቱ ከተለመደው ያነሰ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣውም ሆስፒታል ተኝተው ያገኙት እንክብካቤ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከመድኃኒቱ ይልቅ የምርመራው መዘግየት ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ኦሴልታሚቪር በ48 ሰዓት፣ ለኮቪድ ፓክስሎቪድ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለባቸው። ትኩሳት የያዘው ሰው ቫይረስን የማይነካውን አሞክሳሲሊን ገዝቶ ቤቱ ከሰነበተ፣ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። ፓክስሎቪድ ደግሞ ለኮሌስትሮል ከሚታዘዘው ሲምቫስታቲን ጋር ስለማይወሰድ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለፋርማሲስቱ ሳትነግሩ አትቀበሉ።