ጉሙን አልፎ የሚያይ

ነሐሴ ላይ አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአጎቴን ማሳ በሳተላይት ምስል ልፈልገው ብዬ ላፕቶፕ ከፈትኩ። አጎቴ የሚኖረው ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ሴንቲነል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በየ5 ቀኑ ያነሳል፣ ምስሉም በነፃ ነው። ከፈትኩት። ነጭ! የቀደመውን ከፈትኩ። ነጭ! ሐምሌን ሙሉ ወደ ኋላ ብሄድ የተባዘተ ጥጥ ብቻ። ጣርማበርን በክረምት ያለፈ ሰው አይገርመውም። መብራት አብርተህ እንኳ ከፊትህ ያለው አይሱዙ አይታይም፣ 786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ካሜራ ምን ያድርግ?

ግን ያናድዳል። ጥር ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፣ ባህር ዛፉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ትለያለህ። ጥር ላይ ግን ዳገቱ የት ይሄዳል? መሬት የሚከዳው ዝናቡን ጠጥቶ ጠጥቶ ሲከብደው ነው። መስከረም 1998 ይዛባ ወይን አካባቢ የሆነውን የኛ አገር ሰው አይረሳውም። ቤትም እርሻም አብሮ ነው የወረደው። ታኅሣሥ 2012 ከቻይና ያመጠቅናት የራሳችን ሳተላይትም ብትሆን ካሜራ ነው የያዘችው፤ ደመናው ለሷም ያው ደመና ነው።

ደመና የማይገደው ራዳር ነው። ራዳር የያዘው ሳተላይት፣ ሴንቲነል 1፣ ብርሃን አይጠብቅም፤ የራሱን ሞገድ ይልክና ነጥሮ ሲመለስ ይቀበላል፣ ጨለማም ቢሆን ጉምም ቢሆን። በ12 ቀን ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ሲነጻጸሩ መሬቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ካለ ይታወቃል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱ ሲናጥ፣ እኛ ጋ ደግሞ መስኮቱ ሲንኳኳ፣ ከስር ቅልጥ አለት መሬቱን እየሰነጠቀ መግባቱን ባለሙያዎቹ የተከታተሉት በዚሁ ራዳር ነው።

ታዲያ አጎቴ ዳገት ላይ ለምን አይሰራም? ይሰራል፣ ግን እያነከሰ። ራዳሩ በጎን ስለሚያይ ገደል ላይ ሲደርስ አናቱንና ስሩን ያደራርበዋል። ገብስ ሲያድግም ስሌቱን ያበላሸዋል። ደግሞስ ቢሰራ፣ ውጤቱን ማን ይዞለት ይሄዳል? እኔ የማየውን አጎቴ አያይም፣ እሱ የሚያየውን ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያለ ሰው አይሰማም።

በማግስቱ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ሳተላይት መሬቱ ሲንሸራተት ያያል» ስለው ሳቀብኝ።

«እኔም አያለሁ እኮ» አለ። ከጓሮው በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተክሎ መሃላቸውን በስንዝር ይለካል። «ከሐምሌ አቦ ወዲህ ሁለት ጣት ጨምሯል። ምንጩም ደፍርሷል።»

እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ራዳር ሳነብ ያደርኩት ሰውዬ ዝም አልኩ። ሁለት ችካል! ያው ራዳሩ የሚሰራውን ስራ ነው እኮ።

«ለሚመለከተው ነግረሃል?»

«ነግሬያለሁ። እንመጣለን ብለዋል።»

ማታ ማታ ታች እህቱ ቤት እንዲያድር ተጨቃጭቄ አሳመንኩት፣ ላሞቹን ግን ትቼ አልሄድም ብሎ አስቸገረኝ። ቅዳሜ ሜትር ይዤ እወርዳለሁ። የስንዝሩ ነገር አላስተማመነኝም፣ የአጎቴ እጅ ትልቅ ነው።