ጫት ነቅዬ አፈሬን ሸኘሁ

ሐረር ዙሪያ ጫት ነቅሎ እህል የሚዘራ ሰው ብርቅ ነው። እኔ አደረግኩት። ከአወዳይ ወረድ ብሎ ከአባቴ የወረስኩት ግማሽ ሄክታር ተዳፋት አለኝ። ጫቱ ተዳፋቱን አቋርጦ በረድፍ ተተክሎ ነበር፤ በየረድፉ ሥር ደግሞ አፈሩን የሚይዝ እርከን አለ። ትራክተር እንዲገባልኝ ብዬ ጫቱንም እርከኑንም አፈረስኩ። ጎረቤቴ ሽማግሌው "አቦ ልጄ፣ አባትህ ይሄን የሠራው በዶማ ነው" ሲሉኝ ሳቅኩ።

ትራክተሩ ሽቅብ ቁልቁል አረሰልኝ። በቆሎና አኩሪ አተር በረድፍ በረድፍ ዘራሁ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ነገር መጣ። ላይኛው በቆሎ ገና 4 ሰዓት ረፋድ ላይ ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ይጠቀለላል፣ ታች ያለው ግን በዚያው ፀሐይ ተዘርግቶ ይውላል። ከሥር ያሉት ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ መሐል ለመሐል ቢጫ ሆኑ። ናይትሮጅን ሲያንስ እንዲህ ነው። ዩሪያ ጨመርኩ፤ ዝናብ መጣና ዩሪያውንም ይዞት ወረደ። ዘር የሸጠልኝን ሰውዬ ስሰድብ ከረምኩ፣ ያው ዘር ታች ከቁመቴ በልጦ እያየሁ!

በመጨረሻ ዶማ ይዤ ሁለት ቦታ ቆፈርኩ። ታች ጥቁሩ አፈር ክንድ ሙሉ ይሄዳል። ላይ አራት ጣት እንኳ አይሞላም፣ ከዚያ ነጣ ያለ ደረቅ አፈር ነው። ሎሚ አምጥቼ ጨመቅኩበት፤ ፍስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ኖራ ነው።

የአኩሪ አተሩ ነገርም ያኔ ገባኝ። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ነበር። ኖራ በበዛበት አፈር ተክሉ ብረት ቢኖርም መውሰድ ያቅተዋል። እኔ ደግሞ "አኩሪ አተር ናይትሮጅኑን ከአየር ያመጣል፣ ደካማ መሬት ይበቃዋል" ብዬ ነበር። የሚያመጡለት ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱም ደህና አፈር ይፈልጋሉ። ዘሩን በባክቴሪያ ለውሼ ነው የዘራሁት። ታች አንዱን ነቅዬ የሥሩን እባጭ በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ቀይ ነው፣ ይሠራል ማለት ነው። ላይ ግን እባጩ ራሱ በጣት የሚቆጠር ነበር።

እስቲ አስቡት፣ ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ሲሄድ 10 ሜትር ኩብ ነው፣ ወደ 12 ቶን። በጭነት መኪና ሲወስዱብኝ ባይ አገር ይያዝልኝ ብዬ እጮህ ነበር፣ በጎርፍ ሲሄድ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ዝናቡን አመሰግናለሁ። የሚሄደው ደግሞ የላይኛው ነው፤ ብስባሹ፣ ውሃ እንደ ስፖንጅ የሚይዘው። ማዳበሪያ ምግቡን ይተካ ይሆናል፣ ውሃ መያዣውን ግን አይተካም። (ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሁላችንም የውሃ ፓምፑን ከሰስን፤ ደለሉን ከዳገት የላክነው እኛው ነን።)

እርከኑን መልሼ ስሠራ መጀመሪያ በዓይኔ ነው የለካሁት። ጥፋት! አንድ ቦታ ዝቅ ብሎ ነበርና ውሃው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ በአንድ ሌሊት በጣሰው። ከዚያ ሦስት እንጨት እንደ ቤት ጣሪያ አስሬ፣ ከጫፉ ድንጋይ በገመድ አንጠለጠልኩ፤ ገመዱ አግዳሚው እንጨት መሐል ላይ ያለውን ምልክት ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ መስመር ቦይ ቆፍሬ አፈሩን ወደ ላይ ወረወርኩ፣ ጠርዙ ላይ ዝሆኔ ሳር ተከልኩ። ታች የተጠራቀመውን አፈር በአህያ በጆንያ በጆንያ ወደ ላይ መለስኩ። ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። የበቆሎውን አገዳም ግማሹን ለከብት፣ ግማሹን እዚያው መሬቱ ላይ ተውኩት፤ እማማ ለማገዶ ፈልገውት ተኳርፈናል።

ዘንድሮ ላይኛው በቆሎ የሚጠቀለለው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። አኩሪ አተሩን ግን ላይ መዝራት ትቻለሁ። የመጀመሪያው እርከን ጠርዝ ላይ አንድ ረድፍ ጫት መልሼ ተክያለሁ። ችግኙን የሰጡኝ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው አልሳቁብኝም።