መድኃኒቱ፣ ጾሙና ጠበሉ

በሰሜን ሸዋ ከኤች አይ ቪ ጋር ለምንኖር ሰዎች ራስን መምራት ማለት፣ ከሁሉ በፊት፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከኑሯችንና ከእምነታችን ጋር ማስማማት ነው። አብዛኞቻችን የምንወስደው፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበትና በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠው እንክብል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰድ ስለሚችል፣ የሚጾም ሰው አንድ የምሽት ሰዓት መርጦ በጾምም በፍስክም ቢጸናበት የሚበጅ ይመስለኛል፤ እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሰዓቱን ስለ መለወጥ ከጤና ባለሙያው ጋር ይመካከር። የጨጓራ ማስታገሻ፣ የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል የሚወስድም ይህንኑ ለባለሙያው ይናገር፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያውኩ ይችላሉና።

ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል የሚሄድ ወገኔ መድኃኒቱን ቤት ትቶ እንዳይሄድ አጥብቄ እለምናለሁ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። ስለዚህ በጠበል ቦታ የሚሰነብት ሰው ከመነሣቱ በፊት ወደ ጤና ተቋሙ ሄዶ የሚበቃውን ያህል ይያዝ።

የቫይረስ መጠን ምርመራ ቀጠሮም አይታለፍ። በመድኃኒቱ ጸንቶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም፤ ይህን ባልና ሚስት አብረው ከባለሙያው አንደበት ቢሰሙት እመርጣለሁ።