ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚያመነታ የድሮ ናፍጣ ሞተር

መኪናው ሲረገጥ ቶሎ አልታዘዝ ካለ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፔዳሉን ነው፤ አስቀይሮም ችግሩ እዚያው ሆኖ ያገኘዋል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በአየር በር አይታዘዝም። ኤሌክትሮኒክ ፔዳል ለሞተሩ ኮምፒውተር ጥያቄ ያቀርባል እንጂ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚረጭ አይወስንም። ኮምፒውተሩ በቂ አየር ገብቷል ብሎ ካላመነ፣ ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ ናፍጣውን ይይዛል። እግር ላይ የሚሰማው መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ ስካነር (የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ተሰክቶ የፔዳሉ ፐርሰንት፣ የሚገባው አየር መጠን፣ እንዲሁም የተጠየቀውና የተገኘው የቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ግፊት በአንድ ገጽ ይታዩ። ፔዳሉ ወዲያው ወደ 100 ወጥቶ ግፊቱ ወደኋላ ከቀረ ፔዳሉን ተዉት። ፐርሰንቱ ራሱ ከዘለለ ወይም ከተቆራረጠ ግን መለካት ያስፈልጋል።

በድሮዎቹ መኪናዎች ፔዳሉ ብዙ ጊዜ 6 ሽቦ አለው፦ ሁለት የ5 ቮልት፣ ሁለት ማሳ (የኔጌቲቭ መመለሻ)፣ ሁለት ሲግናል (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚናገሩ)። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ይለካል። የቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ጥቁር ገመድ ቦዲ ላይ ሳይሆን በፔዳሉ ሴንሰር በራሱ ማሳ ላይ ይያዝ፤ አለዚያ የማሳው ችግር ይደበቃል። በብዙዎቹ ላይ አንዱ ሲግናል ሳይረገጥ 0.7 ቮልት አካባቢ ሆኖ ሙሉ ሲረገጥ ወደ 4 ይጠጋል፤ ሁለተኛው የእሱን ግማሽ ይከተላል። ቁጥሩ በየሥሪቱ ይለያያል፤ የሁለቱ ዝምድና ግን ከላይ እስከ ታች መዛባት የለበትም። ፔዳሉን በ10 ሰከንድ ውስጥ ቀስ አድርጎ መርገጥ ነው። ውስጡ የሚፋቅ ትራክ ስላለው የሚበላው ብዙ በሚረገጥበት በመጀመሪያው ሲሶ ላይ ነው። ዲጂታል ቴስተር ለቅጽበት የሚጠፋን ሲግናል ሊያመልጠው ይችላል፤ ባለ መርፌው ይሻላል። 5 ቮልቱ ራሱ ካነሰ ፔዳሉን ከመኮነን በፊት በዚያው መስመር የሚመገቡትን ሌሎች ሴንሰሮች አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱ የሚመለስ እንደሆነ ማየት። የፍሬን መብራት ስዊችም አይረሳ፤ ፍሬን ተረግጧል ብሎ የሚዋሽ ስዊች ኮምፒውተሩ ነዳጅ እንዲቀንስ ያደርገዋል።

ፔዳሉ ነጻ ከወጣ ወደ አየሩ ነው። የአየር መለኪያው ሴንሰር በአቧራና በዘይት ሲሸፈን ከእውነቱ ያነሰ ያነባል፣ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ናፍጣ ይቀንሳል። ሞተር ጠፍቶ ሳለ ሶኬቱን መንቀል፣ ከዚያ አስነስቶ መንዳት ቀላል ፈተና ነው፤ መኪናው ከተሻለው ሴንሰሩ ተጠርጣሪ ነው (የሚመዘገበው የስህተት ኮድ በኋላ ይጥፋ)። ከቱርቦ እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ሳይረገጥ ሲሠራ) ደህና መስሎ ግፊት ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። ከታች በኩል በእጅ ሲዳሰስ የዘይት ወዝ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ ነው። ቱርቦው በቫኪዩም (በአየር መሳብ) የሚታዘዝ ከሆነ ሞተር ሲነሳ እሱን የሚያዘው ዘንግ መንቀሳቀስ፣ ሲጠፋም መመለስ አለበት። በእጅ ፓምፕ ሲሳብ ተንገራግጮ ከሄደ ውስጡ በጥላሸት ተይዟል፤ ስቦ ካልያዘ ደግሞ ያፈሳል። ከቱርቦው አጠገብ ያሉት ቀጫጭን የቫኪዩም ቱቦዎች በሙቀት ደርቀው ስለሚሰነጠቁ ከሁሉ በፊት እነሱን መቀየር አያስቆጭም። ተከፍቶ የቀረ የጭስ መላሽ ቫልቭም (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ንጹሁን አየር ስለሚሻማ ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው።

አየሩ ሁሉ ደህና ሆኖ ጭነት ላይ ብቻ ከደከመ የናፍጣ ፊልትሮው ይታይ።

ፔዳሉ ላይ የሚሰኩት «ፈጣን ያደርጋሉ» የሚባሉት ሳጥኖች ሲግናሉን ያጋንናሉ እንጂ ጉልበት አይጨምሩም። 30 የተረገጠውን 60 ብለው ይናገራሉ፤ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ሳጥን ያለውና የሌለው እኩል ናቸው።