ስድስት ሰው

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለሞተር ጀልባ ለመንዳት የሚያስችለውን የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ተቀብዬ በአዲስ አበባ ጠርዝ ወዳለው ሰፈሬ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከፖስታው አውጥቼ አነበብኩት። በጣም ደስ ብሎኛል። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር ያለ ፈቃድ የነዳሁባቸው ዓመታት፣ ከዚያም ሁሉ ይልቅ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረችው የኅዳር 20 ከሰዓት በኋላ ፊቴ ላይ እየመጣች ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አባቴ የተወለዱት ብዙ ሰው ዝዋይ በሚለው በደንበል ሐይቅ ውስጥ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት ነው። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በውስጡ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ስትሆን፣ በላይዋ ያለው ገዳም ደብረ ጽዮን ይባላል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተወስዳ የተሸሸገችው እዚያ እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ። ዘመዶቻችን የዛይ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ውኃ መንገድ ነው። አባቴ ግን በወጣትነታቸው ለሥራ ወደ አቃቂ መጥተው እዚሁ ስለቀሩ፣ እኔ የተወለድኩትም ያደግኩትም ከከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ የምተዳደረውም በብየዳ ሥራ ነው። ከሐይቁ ጋር ያገናኙኝ አጎቴ ናቸው። ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው አንድ የፋይበርግላስ ጀልባና 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከገዙ ጀምሮ፣ ለበዓል በሄድኩ ቁጥር እኔ እነዳላቸው ነበር። ማንም በሥርዓት አላስተማረኝም፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው «ወዲህ፣ ወዲያ» እያሉ አለማመዱኝ፤ እኔም መልመድን እንደ ማወቅ ቆጠርኩት።

የዚያን ቀን ለጽዮን ንግሥ ወደ ደሴቷ የሚሻገረው ምእመን ብዙ ነበር። ሦስተኛውን ጉዞ የጀመርነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ተሳፍረናል። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ እጃቸው ላይ ጧፍ፣ ጀርባቸው ላይ ስንቅ አለ። ደንበል ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ቢደርስ ነው፤ በዚህም የተነሣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ርቀቱ ግን አጭር፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው የሚደርስ ይሆናል። መንገዱን አጋምሰን ሞተሩ ጠፋ። ከጀሪካኑ ሥር የቀረ ውኃ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ ኖሯል። ጀልባዋ ወዲያው ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ ውኃው በጠርዟ ላይ እየዘለለ እግራችን ሥር ይከማች ጀመር። የነበሩን የሕይወት አድን ጃኬቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እንዳይሰረቁ ከመቀመጫው ሥር በሲባጎ ታስረዋል። ቋጠሮውን ለመፍታት የታገልኩበት ጊዜ እስከ ዛሬ በጣቶቼ ላይ አለ። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ጎትተው አወጡን እንጂ፣ እኔ ያደረግሁት አንዳች ነገር አልነበረም።

ሁሉም ሰው በደኅና ደረሰ። እናቶቹ ጽዮንን አመሰገኑ፤ እኔም አመሰገንኩ፤ አሁንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምስጋናዬ ጥፋቴን አልፋቀልኝም። የማላውቀውን ሥራ እንደማውቅ ሆኜ የሰው ነፍስ ተሸክሜ ነበር።

በአገራችን የባሕርና የውስጥ ውኃ ትራንስፖርትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 549/1999 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ሥልጠናውንና ወረቀቱን የፈለግሁት ቅጣት ፈርቼ አይደለም፤ አንድ ሰው «ታውቃለህ» ወይም «አታውቅም» እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ሥልጠናው የተሰጠው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ነበር። መምህራችን ምጽዋ ላይ የሠለጠኑ የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባል ናቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ጠመኔ ሲይዙ ግን እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ያስተማሩን በ1972 እ.ኤ.አ. የተደነገጉትንና ከ1977 ጀምሮ በዓለም ባሕሮች ላይ የሚሠራባቸውን የግጭት መከላከያ ደንቦች ነው። ደንቦቹ የተጻፉት ለባሕር ቢሆንም ሐይቅ ላይ ለሚነዳም ሰው መሠረቱ እነሱ ናቸው። ሁለት ባለሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ያሳልፋል። የሚቀድም ሁሉ ከሚቀደመው ይርቃል። እኔ ይህን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ እኛ ሐይቁ ላይ የምናልፈው ቀድሞ የደፈረው እያለፈ፣ ሌላው እየታጠፈ ነበርና። መምህሩ «ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ግምት ሲሸሹ ወደ አንድ ቦታ ይሸሻሉ፤ ደንብ ያስፈለገው ለዚህ ነው» አሉን።

የሌሊት መብራቶቹ ለብዙ ሳምንታት አስቸገሩኝ። በጀልባ ግራ ጎን ቀይ፣ በቀኝ ጎን አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ ይበራል፤ የጎኖቹ መብራቶች እያንዳንዳቸው ከፊት ጀምሮ 112.5 ዲግሪ ብቻ ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ የሚታይህ ቀለም ጀልባው በየትኛው ጎኑ ወደ አንተ እንደዞረ ይነግርሃል። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚወጡትንና የሚገቡትን ከባድ መኪኖች መብራት እያየሁ፣ መኪና መሆናቸውን ትቼ ጀልባ አደርጋቸው ነበር። ይህኛው እየራቀ ነው፤ ይህኛው እየመጣ ነው፤ ይህኛው በቀኜ ሆኖ ቀይ ቢያሳየኝ ኖሮ የማሳልፈው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ስትጠራኝ አልሰማትም ነበር፤ በትዕግሥት ጠብቃኛለች፤ ይህንንም እዚህ መጻፍ ይገባኛል።

ስለ ሞተሩ የተማርነው ለእኔ ለብየዳ ሠራተኛው ቀለል ያለ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ወለል ወርዶ ይተኛል፤ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ሳያናፍሱ ማስነሣት አደጋ ነው። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን የውኃ ጅረት ከቆመች ማቀዝቀዣው ተዘግቷልና ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። ደንበል ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ስለሚያጣ፣ 40 ተብሎ የተጻፈበት የአጎቴ ሞተር እዚያ ላይ የሚሰጠው ከ34 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። ከነፋስ ጋር ስንታገል ጀልባዋ ለምን እንደምትለግም ዓመታት ሙሉ ሳልረዳ ኖሬ ነበር።

የሞተር ማጥፊያው ገመድ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ይህ እንደ ምንጭ የተጠመዘዘ ቀይ ገመድ አንደኛው ጫፉ ሞተሩ ላይ ይሰካል፣ ሌላኛው በነጂው እግር ወይም ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ነጂው ከወደቀ መሰኪያው ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ካልታሰረ ግን ባዶዋ ጀልባ እየዞረች ወደ ወደቀው ሰው ትመለሳለች። የእኛው ገመድ እንዳይጠፋ ተብሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሞተሩ እጀታ ጋር ታስሮ ነበር። ለዓመታት ያንን ጥቅልል በነዳሁ ቁጥር ነክቼዋለሁ፤ ለምን እንደተሠራ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ከዚያም አንድ ቅዳሜ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንዲት ስሌት ጻፉ። ስንት ሰው እንደሚጭን የሚናገር የአቅም ሰሌዳ ላልተለጠፈበትና ከ20 ጫማ ለሚያንስ ጀልባ አሜሪካኖች የሚጠቀሙባት ናት፦ ርዝመቱንና ወርዱን በጫማ አባዝቶ ለ15 ማካፈል፤ የሚገኘው ቁጥር አየሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ የሚጫነው የሰው ብዛት ነው። የአጎቴ ጀልባ 18 ጫማ ርዝመት፣ 5 ጫማ ወርድ አላት። ዘጠና፣ ለአሥራ አምስት፣ ስድስት። ደብተሬ ላይ ስድስትን ጻፍኩና ከጎኑ 11 ብዬ ጻፍኩ። ጎረቤቴ የነበረው ሠልጣኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም።

የተግባር ልምምዱ በሐይቁ ዳር ባለችው በባቱ ከተማ ነበር። መምህሩ ሩብ ያህል ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ወደ ሐይቁ ወርውረው «ሰው ወደቀ» ብለው ጮኹ። የሚደረገው ነገር በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ጣቱን ሳያወርድ የወደቀውን ያመለክታል፣ ነጂው ራቅ ብሎ ይዞርና ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ በዝግታ ይቀርባል፣ አጠገቡ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል። እኔ ግን ቸኮልኩ። ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ በአቋራጭ ሄድኩ፤ ማርሹን ፍሪ ሳላደርግ ነፋሱ ጀልባዋን ገፍቶ ጀሪካኑ ላይ ጫናት፤ ከሥር አንድ ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። ስናወጣው ጀሪካኑ ከትከሻው ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ተቀድዷል፤ የተቀደደበት ጠርዝ በምላጭ እንደተቆረጠ ለስላሳ ነበር። መምህሩ አልተቆጡም። ውኃውን አፍስሰው ሰጡኝና «ቤትህ አስቀምጠው» አሉኝ። የዚያን ቀን ፈተናውን ወደቅሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩ።

ዛሬ ጠዋት አጎቴ ወረቀቱን ለማየት ከባቱ መጡ። በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱትና «ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። እኔ ግን በዚያ ውኃ ላይ አርባ ዓመት ስመላለስ ወረቀት የጠየቀኝ ማዕበል የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የደመናውን መልክ አይተው ነፋሱ የሚነሣበትን ሰዓት የሚናገሩትን ያህል እኔ መቼም አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያም ጀሪካኑን ከበረንዳ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ጣታቸውን በቅዳዱ አስገብተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

«ይህን ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ። እንደ ሰው ሆኖ የተጣለልኝ እሱ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። በመጨረሻ «ስንት ሰው ትይዛለች አሉህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ስድስት።»

«ነጂውን ጨምሮ?»

«ነጂውን ጨምሮ።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ለእኔም ከወረቀቱ ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ንግግር ነው። አንድ ደርሶ መልስ ከነማሳፈሪያው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን ነፋሱ ሳይነሣ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ብናቆም በቀን ሦስት ጉዞ፣ በአምስት ተሳፋሪ አሥራ አምስት ሰው ነው። ኅዳር 20 ላይ መጨናነቅ ቀርቶ ከ18 ብንጀምር በሦስት ቀን አርባ አምስት ሰው ይሻገራል። ነዳጁ ይበዛል። አጎቴ ከአሮጊቶቹ ላይ ዋጋ አልጨምርም አሉ፤ እኔም ከብየዳው ላይ ቆጥቤ የነዳጁን ልዩነት ለመሸፈንና ስድስት ጃኬት ለመግዛት ቃል ገባሁ። ጃኬቶቹ አይታሰሩም፤ ተሳፋሪው ገና መሬት ላይ ሳለ ይለብሳል።

ከምሳ በኋላ ወርክሾፕ ወስጃቸው ከቆርቆሮ ላይ «6 ሰው» የሚል ቅርጽ በመቁረጫ አወጣሁ፤ ነጭ ቀለም ሲነፋበት በጀልባዋ ጎን እንዲነበብ ነው። አጎቴ ቆርቆሮውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው በቀዳዳው ሲያዩ ቆዩና፣ ለጎረቤቶቻቸውም ጀልባዎች እንዲህ ያለ ብሠራላቸው ምን እንደሚያስከፍል ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ጀልባ የየራሷ ልክ ስላላት መጀመሪያ መለካት እንዳለባት ነገርኳቸውና የመለኪያ ሜትሬን ሰጠኋቸው። በኮታቸው ኪስ ከትተውት አሥር ሰዓት ላይ ወደ ባቱ ተሳፈሩ። ነገ ማታ ርዝመትና ወርዳቸውን በስልክ እንደሚነግሩኝ ተስማምተናል።