ገና በጎታ

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ ገናን የማሳልፈው ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ነው። አዎ፣ አጻጻፏ እንደ እህል ጎታችን ነው። ለዶክትሬት ጥናቴ ለሦስት ወር መጥቼ ሁለት ሳምንት ቀረኝ። እዚህ ገናቸው ካለፈ ሰንብቷል፤ የዛፉን መብራት እያወረዱ ነው።

እዚህ ያመጣኝ አንድ ሰው ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ከሮም ተነስተው እዚሁ፣ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ድረስ መጥተዋል። ጋባዣቸው መስፍኑ ኤርንስት ነበር። የግዕዝና የአማርኛ አጥኚው ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ አገራችን ይጠይቃል፤ እሳቸው ያስረዱታል። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው በ1698 ነው። ከሞቱ 40 ዓመት አልፏቸው ነበር።

መዝገበ ቃላቱን በዚያው ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አየሁት። ስፖንጅ ላይ አስደግፈው ሰጡኝ። ቃሉ በኛ ፊደል፣ ፍቺው በላቲን። ላቲኑን እየተንገዳገድኩ ነው የማነበው። አማርኛው ጋ ስደርስ ግን የሴት አያቴ ድምፅ መጣብኝ። እንባዬ ገጹ ላይ እንዳይወድቅ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩት።

ሉዶልፍ ውለታ አልካደም፤ በጽሑፎቹ የአባ ጎርጎርዮስን ስም ያነሳል። እኔስ? ማታ የጥናቴን ረቂቅ ከፈትኩት። ለአንድ ቃል ብለው ከሰዓቱን ሙሉ ያስረዱኝ መሪጌታ እዚያ ላይ «መረጃ ሰጪ 7» ናቸው። ቡና እያፈሉ የጥጥ ፈተላን ቃላት አንድ በአንድ የነገሩኝ እናት «መረጃ ሰጪ 12»። ደንቡ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት። ግን አንዳቸውንም ስማቸው እንዲቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ይሄ በጣም አሳፈረኝ።

ትናንት መደወል ጀመርኩ። እስካሁን አምስቱን አግኝቻለሁ። አንዷ ስሜ ይቅር ብለዋል፤ ይቀራል። መሪጌታን ያገኘኋቸው ለማኅሌት ሊወጡ ሲሉ ነው። ነገሩን አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ጻፊው ልጄ» አሉኝ። «የክርስትና ስሜንም አብረሽ አድርጊው።»

ቤታችሁ ላላችሁም፣ እንደኔ በሰው አገር መዝገብ ለምታገላብጡም፣ መልካም ገና!